ብር በወረደበት ቀን

ዙሀራዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? መቀሌ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ጉድ አየሁ። ለደሴው ቤቴ ክዳን ልገዛ በወንድሜ በኸድር ቆርቆሮ ሱቅ ቁጭ ብያለሁ። ሬዲዮው ብር ከዶላር አንጻር ወረደ ሲል፣ ልጄ ሀፊሳ ጅዳ መሆኗን የነገርኳት ደንበኛ እልል አለች! «አደይ፣ የልጅዎ ሪያል ጨመረ፤ እንኳን ደስ አለዎት!» እልልታዋ ሳያበቃ ኸድር የቆርቆሮውን ዋጋ አጥፍቶ ሌላ ጻፈ። «እትዬ፣ ለአንቺም አይሆንልኝም፤ በዶላር ነው የሚገባው» አለኝ። አንቺ ጋ ደሴም እንዲህ እልል ተብሏል? ሀፊሳ ክዳኑ ሲያልቅ ልትመጣ ነበር። ከሰዓት ደውላ «እማ፣ ሪያል የሚያዋጣው አሁን ነው፤ ሁለት ዓመት ልጨምር» አለች። ያኔ እያለቀሰች በግድ የሰደድኳት እኔ፣ «ነይ» ማለት አቃተኝ። የምጽፍበት ፖስት ካርድ ሞላ፤ ልጆችሽን ሳሚልኝ። አናጢውን አስናቀን አትምጣ በይው።