ሚስማር ያፈረሰችው ወለል

ሰኞ፣ ሰኔ 16፣ ከሰዓት በኋላ

ለምወድሽ ልጄ፣

ይህ ደብዳቤ በጤናሽና በሥራሽ ላይ ሆነሽ እንዲያገኝሽ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ስለ ሆስፒታሉ በቦታው እነግርሻለሁና አትቸኩዪ፤ መጀመሪያ ደስ ያለኝን ልጻፍልሽ።

የሥራ ባልደረቦችሽ «አባትሽ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ምን ይሠራሉ?» ሲሉሽ ማስረዳት ያቅተኛል ብለሻል። እንዲህ በያቸው። ትርፍ የሌለው ማኅበር ይመራል። የቤት ኪራይ የከበዳቸው ሰዎች አቅማቸው በሚፈቅደው ኪራይ በማኅበሩ ግቢ ውስጥ ይኖራሉ። እዚያው ግንበኝነት፣ ቧንቧና ኤሌክትሪክ ይማራሉ፤ ከተማሩ በኋላ ደግሞ ለሚቀጥለው ሰው ክፍል ይሠራሉ። ፈተናችን ወረቀት የለውም። ክፍሉን የሠራው ሰው ለነዋሪው ከማስረከቡ በፊት ራሱ አንድ ሌሊት ያድርበታል። በሩን ይዘጋል፣ ውሃውን ይከፍታል፣ ይታጠባል፣ ይተኛል። ቤት ካልኖሩበት አይታወቅም እያልኩ ነው ያስተማርኳቸው።

እዚህ ግቢ ማንም በስሜ አይጠራኝም። የማገኘውን ሁሉ በውሃልክ ስለምለካ «ጋሼ ውሃልክ» ይሉኛል። የውሃልኩ አረፋ መሃል ላይ ካልቆመ አፍርሱ ነው። የቤት ሥራሽን ከነመስመሩ ሳርምልሽ ያለቀስሽውን ታስታውሻለሽ፤ ብዙም አልተለወጥኩም።

አሁን ስለ ሚስማር። ስሙን ያወጡላት አብረዋት የሚማሩት ናቸው። ቀጭን ናት፤ ከገባችበት ደግሞ አትነቀልም። ልጇን ታቅፋ አንድ ፌስታል ልብስ ይዛ ነበር ወደ እኛ የመጣችው። ዛሬ ከግንበኞቻችን ሁሉ ትበልጣለች። ባለፈው ወር አዲሱን ክፍል ብቻዋን ጨርሳ እንደ ደንባችን አደረችበት። ማታ ታጥባ ተኛች። ጠዋት ከአልጋዋ ወርዳ ጫማዋን ስታጠልቅ ጫማው ውሃ ጠጥቷል።

ምን ሆኖ መሰለሽ? የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ውሃልክ ነበር! አንድ እንከን የማይወጣለት፣ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ። የመታጠቢያ ቤት ወለል ግን ወደ ፍሳሹ ቀዳዳ ትንሽ ማዘንበል አለበት። ውሃው መሄጃ ሲያጣ በበሩ ሥር ሾልኮ ወደ መኝታው ገባ። እንዲህ ያለ ስሕተት ከእኔ ተማሪ በቀር ማን ይሠራል?

ያ ቀን ደግሞ የርክክቡ ቀን ነበር። እኔ ሆስፒታል ነኝ። ክፍሉ የደረሳት ልብስ ሰፊ፣ አሮጊት እናቷን ይዛ፣ የስፌት መኪናዋን በጋሪ አስጭና በር ላይ ቆማለች። የሒሳብ ሠራተኛችን የወለሉን ነገር ሲሰማ ሳቀ አሉ።

«በመወልወያ የሚያልቅ ነገር ነው፣ እህቴ። ሰዎቹን አስገቢያቸው።»

«መወልወያውን አንተ ነህ የምትይዘው?»

«ጋሼ ሳይመጡ አንድ ሴራሚክ አትነኪም! መቼ እንደሚወጡም አይታወቅ።»

«ውሃው ጋሼን አልጠበቀም» ብላ መዶሻና መሮ አነሣች።

ልብስ ሰፊዋ ጮኸች። «የድሮውን ቤት ቁልፍ አስረክቤ መጥቼ! መኪናዬን ሜዳ ላይ ላሳድራት?»

«እኔ ክፍል ግቢ፤ አልጋም አለ። እኔና ልጄ ማሠልጠኛው ውስጥ እናድራለን።»

አሮጊቷ ወንበር ተሰጥቷቸው የመዶሻውን ድምፅ ሲያዳምጡ ቆዩና፣ «ይቺ ልጅ በማን ተናዳ ነው?» አሉ።

«በራሷ ነው፣ እማዬ።»

«እሱስ ደህና። በእኛ እንዳይሆን ብዬ ነው።»

የሒሳብ ሠራተኛው ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ሚስማር ያለቀ ቤት እያፈረሰች ነው! አንድ ነገር ይበሏት!»

«ስልኩን ስጣት» አልኩት። ድምጿ ከሩቅ ተሰማኝ፤ «እጄ ሲሚንቶ ነው፤ ስጨርስ እደውላለሁ በላቸው!»

ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ሳቅሁ። አጠገቤ የተኛው ሰውዬ «ምን የምሥራች ሰማህ?» ቢለኝ፣ «ተማሪዬ ላናግርሽ ብላት ጊዜ የለኝም አለችኝ» አልኩት። ግራ ገብቶት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ስወጣ ቤቴ ሳልደርስ በቀጥታ ወደዚያ ክፍል ሄድኩ። ልብስ ሰፊዋ ገብታበታለች፤ መኪናዋ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ባልዲ ውሃ አስመጣሁ። ጎንበስ ማለት ስለተከለከልኩ የደፋችው ሚስማር ናት። ውሃው ደወል እንደሰማ ተማሪ ተሰልፎ ወደ ቀዳዳው ገባ። ሁለተኛ ባልዲ ሳዝ ልብስ ሰፊዋ ትዕግሥቷ አለቀ። «ጋሼ፣ እኛ እኮ ስንቴ ደፍተን አይተነዋል! ይመኑን እንጂ!»

በመጨረሻው ደብዳቤሽ «አባዬ፣ አንተ ከሌለህ ያ ግቢ ሳምንት አይቆምም፤ ለማን ትተህ ነው እኔ ጋ የምትመጣው?» ብለሽኝ ነበር። መልሱ ይኸውልሽ። ቆመ፣ ልጄ። ያለ እኔ ቆመ። የማኅበሩ ኮሚቴ ተስማምቶ ከመጪው ወር ጀምሮ ሥልጠናውንም ግንባታውንም የምትመራው ሚስማር ናት። ውሃልኬን በሰው ፊት ሳስረክባት ተቀብላ አገላብጣ አየችውና፣ «መታጠቢያ ቤት እንዳላስገባው ነው አይደል፣ ጋሼ?» አለች። አርባ ዓመት ሳስተምር እንዲያ የኮራሁበትን ቀን አላስታውስም።

ስለ ሆስፒታሉ እነግርሻለሁ ብያለሁ። ልቤ ላይ ትንሽ ነገር ሠርተውልኛል። ትንሽ ነው። ሐኪሙ ለጊዜው አውሮፕላንም ደረጃም ይቅርብህ ብሎኛልና ቲኬት አትቁረጪልኝ። የፎቁን ቤት ለቅቄ እዚሁ ግቢ፣ ምድር ላይ፣ እንደማንኛውም ሰው አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ። ይህኛውንም ወለል የሠራችው ሚስማር ናት። ክፍሉ ሁለት አልጋ ይይዛል፤ ሁለተኛውን አንጥፌዋለሁ። ሥራሽ ፋታ በሰጠሽ ጊዜ መጥተሽ አንድ ሌሊት እደሪበት። ማታ ታጠቢ፤ ጠዋት ጫማሽን ታይዋለሽ። ደረቅ እንደሚሆን ዋስሽ እኔ ነኝ።

የምትገቢበት ቤት ሁሉ ይሙቅሽ፤ እጅሽ የያዘው ሥራ ይቅናልሽ፤ መውጫ መግቢያሽን ፈጣሪ ይጠብቅልኝ።

አባትሽ