የቤት ኪራይ፦ ዜሮ

ለተከበሩ የወጣቶች የከተማ ምርጫና የሥራ ምክር ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ከወንበርዎ በስተጀርባ የሚሽከረከረው ማራገቢያም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛም እዚህ ኮኪት ከተማ ደኅና ነን። «እኛ» ያልሁት ከልማድ ነው እንጂ ያለነው እናቴና እኔ ብቻ ነን፤ እናቴም ከኅዳር ወዲህ ብዙ አትናገርም።

ካሌብ ፈንቴ እባላለሁ። ምናልባት ያስታውሱኝ ይሆናል፤ ባለፈው ሚያዝያ ታላቅ ወንድሜ ሰጠኝ ምክርዎን ፍለጋ ሲመጣ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ዛሬ በአደባባይ የምጽፍልዎ ድፍረት አግኝቼ ሳይሆን ሦስት ጊዜ በአካል መጥቼ ስላልተሳካልኝ ነው። ጉዳዬ አንድ ነው። በጽሕፈት ቤትዎ ግድግዳ ላይ «ሥራ የያዙ ወጣቶች» በሚለው ዝርዝር፣ በተራ ቁጥር 43 የሰፈረው ሰጠኝ ፈንቴ ኅዳር 11 ቀን ስለሞተ ስሙ እንዲነሣልኝ ነው። ይህን ከማለቴ በፊት ግን የሚገባዎትን ምስጋና በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ሠንጠረዥዎ አመሰግናለሁ። ወንድሜ በሒሳብ አያያዝ ተመርቆ ጎንደር ውስጥ በአንድ የእህል መጋዘን በስድስት ሺህ ብር ይሠራ ነበር፤ ለአንዲት ክፍል ደግሞ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ይከፍላል። አባታችን ከሞተ ወዲህ የቤቱ ሐሳብ የእሱ ስለነበር፣ እኔን ወስዶ ቀሪውን ትምህርቴን ከተማ ሊያስተምረኝ ፈልጎ ነው ለሁለት ሰው የምትበቃው ከተማ የትኛዋ እንደሆነች ሊጠይቅዎ የመጣው። እርስዎም አልሰለቹም። ጎንደር ለሁለት እንደማትበቃ፣ ባሕር ዳር ደመወዙ ከፍ ቢል ኪራዩም አብሮ ከፍ እንደሚል፣ አዲስ አበባ ሥራው ቢኖርም ደመወዙን ከሠራተኛው ቀድሞ አከራዩ እንደሚቀበለው፣ መተማ ዮሐንስም ከድንበሩ ማዶ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ባዶ ክፍል እንደማይገኝባት በጣትዎ እያሳዩ አስረዱን። ከዚያ በመጨረሻው መስመር ላይ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ አሰመሩበት፦ ቆላ እርሻ፣ ከገለጉ ከተማ ማዶ፤ ደመወዝ አሥራ ሁለት ሺህ፤ ምግብ ዜሮ፤ ትራንስፖርት ዜሮ፤ የቤት ኪራይ ዜሮ። «አንድ ወቅት ብቻ ነው፤ ከዚያ ወንድምህን ይዘህ የፈለግህበት ትገባለህ» አሉት። መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነበርሁ። ዜሮ እንዲህ ያምራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ሁለተኛ፣ ለኪራዩ ዜሮ ለብቻው አመሰግናለሁ፤ አንዲት ቁጥር እንኳ አልዋሸችም። ኪራይ የማይከፈለው ቤት የሚባል ነገር ስለሌለ መሆኑን ሰጠኝ እርሻው በደረሰበት ቀን በስልክ ነገረኝ። ሳሉግ የምንላቸው የአረምና የአጨዳ ሠራተኞች በዳስ ሥር ተፋፍገው ሲያድሩ፣ እሱ የታጨደውን የሰሊጥ ክምር የሚቆጥር ጸሐፊ በመሆኑ፣ ለማዕረጉ ሲባል ከአንድ ግራር ሥር ብቻውን መኝታ ተሰጠው። «የግል ክፍል አግኝቻለሁ፣ ጣሪያዋ ብቻ እሾህ አለባት» እያለ ያስቀን ነበር። ከዚያ ግራር ሥር፣ በተሰነጣጠቀው ጥቁር አፈር ውስጥ፣ ስትበር ድምፅ የማታሰማ የአሸዋ ዝንብ ትኖራለች። እሷም ኪራይ አትከፍልም።

ጳጉሜ ላይ ትኩሳት ጀመረው። እዚህ ላይ ጥፋቱን ሁሉ በእርስዎ ትከሻ ላይ ብጭን ነውር ይሆንብኛል። እኛ የቆላ ሰዎች ለትኩሳት ያለን ስም አንድ ነው፤ ትኩሳት ማለት ወባ፣ ወባ ማለት የሦስት ቀን ክኒን፣ ከክኒኑ በኋላ ደግሞ ሥራ ነው። ሰጠኝም «እኔ የቆላ ልጅ፣ ወባ በስሜ ታውቀኛለች» ብሎ ከእርሻው ሱቅ ሦስት ጊዜ ክኒን እየገዛ ዋጠ። እኔም በስልክ «ዋጥ አርገው፣ ይለቅሃል» አልሁት። ይህን ቃሌን ከእኔ ላይ የሚያነሣ ክፍል በጽሕፈት ቤትዎ ካለ የቢሮ ቁጥሩን ቢጠቁሙኝ ውለታዎን አልረሳም።

ትኩሳቱ አልለቀቀውም፤ ሆዱም በግራ በኩል እየጠጠረ ሄደ። ግን ጥቅምት ገብቶ ነበር። ሰሊጥ ከደረሰ በኋላ ጥቂት ቀን ካለፈው ፍሬው ተከፍቶ መሬት ላይ ይረግፋል፤ ስለዚህ በዚያ ሰሞን ከእርሻ ውጣ የሚል አሠሪ፣ ልውጣ የሚልም ሠራተኛ አይገኝም። ሰሊጡ ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ፣ አሚን የሚባል የትራክተር ሹፌር ከሰሊጥ ጆንያ ላይ አስተኝቶ፣ በጉድጓዱ ሁሉ እየቆመ ሁለት ቀን ሙሉ ተጉዞ አመጣልን። እናቴ ልትከፍለው ብትል «እትዬ፣ እኔ ጆንያ ነው የጫንሁ፣ እሱ መንገደኛ አይደለም» ብሎ ፊቱን አዞረ። የትራንስፖርቱም ዜሮ እንግዲህ እውነት ሆነ።

ሆስፒታል ስናደርሰው ሐኪሙ ወንድሜን የጠየቀው ምን ያህል ጊዜ እንደታመመ ሳይሆን የት ያድር እንደነበር ነው። «ግራር ሥር» ሲለው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። የአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚያመጣው ካላዛር ነው፤ ቀድሞ ቢመጣ መድኃኒት ነበረው አለን። መርፌው በተጀመረ በስድስተኛው ቀን ሰጠኝ ሞተ።

ሦስተኛ፣ ምግብ ዜሮ ስለሚለው። እሱም ትክክል ነው፤ በመጨረሻ ምንም አይበላም ነበር።

አራተኛ፣ ስለ መስተንግዶው። መጀመሪያ ስመጣ ስም የሚነሣው ባለጉዳዩ ራሱ ቀርቦ ሲፈርም መሆኑ ተነገረኝ። ሁለተኛ ስመጣ ስብሰባ ነበር። ሦስተኛ ስመጣ የመዝገብ ሠራተኛዋ ሰይዳ፣ እግዜር ይስጣትና ውኃ ቀድታ አስቀምጣኝ፣ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረችው። «ከዝርዝር የወጣበት ምክንያት» በሚለው ሥር ያሉት ምርጫዎች ሁለት ናቸው፦ የተሻለ ሥራ አገኘ፣ ወይም ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። «የኔ ወንድም፣ ሞተ የሚል የለውም፤ ተዛወረ ልበለው?» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ላስብበት ብዬ ወጣሁ።

ስወጣ ግድግዳው ሥር ቆሜ መስመሩን አነበብሁት። «ሰጠኝ ፈንቴ፣ ዕድሜ 24፣ በሥራ ላይ ይገኛል» ይላል። ክቡርነትዎ፣ በከተማችን ስለ ወንድሜ የሚያወራ ሰው ሁሉ «ነበር» ነው የሚለው። ስልኩ ላይ ስደውል አንዲት ሴት ጥሪ አይቀበልም ትለኛለች። የክፍል ጓደኞቼ እኔ ስደርስ ስለ ወንድሞቻቸው ማውራት ያቆማሉ። ሙቀት ሲሆን ግቢ የምናወጣቸው ሁለት የጠፍር አልጋዎች ነበሩን፤ በእነሱ ላይ ተጋድመን ነበር ከተማ የምንመርጠው፤ እሱ ኪራዩን ይጠራል፣ እኔ ደመወዙን። አሁንም ሁለቱንም አወጣለሁ፤ ሁለቱንም አስገባለሁ። እናቴ ታየኛለች። በዚህ ሁሉ መካከል «ይገኛል» የሚለው የእርስዎ ግድግዳ ብቻ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገዴን አዙሬ በእርስዎ በኩል ነው የማልፈው።

ስለዚህ ጥያቄዬን በትሕትና ማንሣቴን እንዲያውቁልኝ እለምናለሁ። ስሙን አይንኩት። ለዘገባዎ ያስፈልግዎታል፣ ለእኔም ያስፈልገኛል፤ በአንድ ወረቀት ሁለታችን ስንጠቀም ይህ የመጀመሪያው ነው። አዲስ ዝርዝር ሲለጥፉ ግን አሮጌውን እንዳይጥሉት፣ ሰይዳ ታስቀምጥልኝ።

ቁጥርዎ እንዳይጎድል የሚመኝልዎ፣ ቀይ እስክሪብቶዎ በሌላ ሰው ወንድም ላይ እንዳያሰምር የሚጸልይልዎ፣

ካሌብ ፈንቴ
የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ኮኪት

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ሳምንት በትምህርት ቤታችን በኩል የላኩልን የከተማ ምርጫ ቅጽ ደርሶኛል፤ ሞልቼ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። «የመረጥከው ከተማ» በሚለው ቦታ ጎንደር ብያለሁ። «አብሮህ የሚኖር ሰው ብዛት» በሚለው ቦታ ያስተማሩኝን ቁጥር ጽፌያለሁ፦ ዜሮ። እንዳሉትም ለሁለት አትበቃም ነበር፤ ለአንድ ትበቃለች።