ከፍሪዘር የወጣ እዝን

ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዛሬ በአቶ ደምሴ ቤት ትኩስ ወጥ ተሠርቷል።

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ደምሴ
የታቦር ሥር ነዋሪዎች መረዳጃ እድር ሰብሳቢ
ሐዋሳ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? በየስብሰባው ስለሚነግሩን እኛም እንደ ራሳችን የምናውቀው የደም ግፊትዎ ወርዶ እንደሚገኝ ተስፋ አደርጋለሁ። በአማትዎ ዕረፍት የተሰማኝን ኀዘን አስቀድሜ እገልጻለሁ፤ ዕድሜ ጠግበው፣ ልጆቻቸው ከበዋቸው የሄዱ ሰው ናቸውና ለባለቤትዎም ለእርስዎም መጽናናትን እመኛለሁ። ይህ ከልቤ ነው። የቀረው እንደሚከተለው ነው።

ደብዳቤዬን ሰፈሩ ሁሉ እንዲያነበው የጻፍኩት እርስዎን ለማሳፈር አይደለም፤ በእድራችን የሚደበቅ ነገር እንደሌለ በጉባኤ ላይ ያስተማሩን እርስዎ ስለሆኑ ነው።

እንደሚያስታውሱት በሰኔው ጉባኤ እዝናችን እንዲዘምን አደረጉ። ሰው ሥራ በዝቶበታል፣ ከቢሮ የገባ ሰው ለጎረቤት ለቅሶ ድስት ሊጥድ አይችልም፣ የለቅሶ ቤት ወጥ ደግሞ ዘይትና ጨው ስለሚበዛበት በለቀስተኛው በራሱ ላይ ለቅሶ ያመጣል አሉን። ስለዚህ ልጅዎ ሐዳሳ በአዲስ ከተማ ሰፈር በከፈተችው ሱቅ የሚሸጠው፣ በፍሪዘር የሚቀመጠው ጤናማ ምግብ በድስቱ ፋንታ እንዲቀርብ፣ ድስት ይዞ የመጣ አባልም ከበር እንዲመለስ ተወሰነ። አመራረጡም በበራሪ ወረቀት ታደለን፤ ጨው ያነሰውን፣ አትክልት የበዛበትን፣ የእሽጉን ጀርባ አንብቦ መውሰድ ነው። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። እኔም ቢሮ የምውል ሰው ስለሆንኩ አንዳንድ ማታ አንዱን እሽግ አሙቄ እበላ ነበር፤ ምስሩ አይከፋም።

ደንቡ የተሞከረበት የመጀመሪያው ቤት ግን የእኔ ሆነ። እህቴ ፅጌ በፍልሰታ ጾም መካከል አረፈች። ለዚህ ዕድል ስላበቁን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስለ ምግቡ ጥንካሬ አመሰግናለሁ። ካርቶኖቹ በባጃጅ ሲደርሱ መብራት ጠፍቶ ነበር። ኀዘንተኛ ቤት እሳት እንደማይነድ፣ ጎረቤትም እዝን የሚያመጣው ለዚሁ እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ከሰል ተፈልጎ፣ ተቀጣጥሎ፣ ውሃ እስኪፈላ ድረስ እዝኑ በረንዳው ላይ እንደ ብሎኬት ተደርድሮ ዝናቡን ሲያይ ቆየ። አንድ ጎረቤታችን ሽሮውን በመዶሻ ሞክሮት ነበር፤ መዶሻው ተመለሰ።

2. ስለ ምርጫው ብዛት አመሰግናለሁ። እሽጎቹን ፍል ውሃ ውስጥ ስንነክራቸው የተለጠፉባቸው ወረቀቶች ተላቀው በሳፋው ላይ ተንሳፈፉ። እንድናነብ የታዘዝነው ጽሑፍ ከላይ፣ ምግቡ ከሥር ሆነ፤ የትኛው የየትኛው እንደሆነ ማወቅ አልተቻለም። ሥጋውና የጾሙ አንድ መልክ ነበራቸው። ጿሚዎቹ እጃቸውን ሰበሰቡ። የፅጌ የሥራ ባልደረባ የነበረው አቶ ጠሀ፣ ከዩኒቨርሲቲው ድረስ በዝናብ የመጣ ሰው፣ ሥጋው የማን እንደሆነ በትሕትና ጠየቀ፤ የሚመልስለት ሲያጣ በልቼ ነው የመጣሁት ብሎ ተነሣ። ድሮ ይህ ጥያቄ በለቅሶ ቤታችን አይነሣም ነበር። ድስቱ ከማን ቤት እንደመጣ ስለሚታይ ጿሚውም ሙስሊሙም እጁን ወዴት እንደሚዘረጋ ያውቅ ነበር።

3. ስለ በር ጥበቃዎ አመሰግናለሁ። ይህ ሁሉ ሲሆን ጎረቤታችን ወይዘሮ አለምነሽ የምስር ወጥ በድስት ይዘው መጡ። እርስዎ ጃንጥላ ዘርግተው በሩ ላይ ቆመው ነበር። «አለምነሽ፣ ደንብ ደንብ ነው፤ መልሺው» አሏቸው። እሳቸውም፣ «ደንብዎ እስኪቀልጥ ይቺን ይቅመሱ ብዬ ነው፣ ጋሽ ደምሴ» አሉ። ለቀስተኛው ሳቀ። እርስዎ አልሳቁም፤ ድስቱም ተመለሰ።

4. ለአራተኛው ማመስገን ይከብደኛል፤ ቢሆንም እሞክራለሁ። ከሐዋሳ ወጣ ካለው ከቡሹሎ የመጡት የሟች ባሏ ወገኖች ከጠዋት ጀምረው ተቀምጠው፣ መንገዱ ሳይጨቀይባቸው ለመድረስ ምንም ሳይቀምሱ ተነሡ። ታላቅየው አማቿ በር ላይ እጄን ያዙ። ለነገር ብለው አልነበረም፤ የምር ገርሟቸው ነው። «ፅጌ እዚህ ከተማ ሰው አልነበራትም?» አሉኝ።

እህቴ በዚህ ሰፈር ድስት ያልላከችበት ለቅሶ የለም። የእናትዎ ለቅሶ ጊዜ ከሥራ ቀርታ ቤትዎ ውላለች። ለሰውየው ምን ልበላቸው? ክቡር ሰብሳቢያችን ጨው ቀንሰውልን ነው ልበላቸው? እስከ መንገዱ ሸኘኋቸው፤ እሳቸውም ጥያቄያቸውን ይዘው ወደ ቡሹሎ ሄዱ። እዚያ ያለ ሰው ሁሉ ፅጌን ዛሬም የሚያውቃት ሰው እንዳልነበራት ሴት ነው።

ቅሬታዬን ለኮሚቴው ባቀረብኩ ጊዜ የሰጡኝ መልስ እጅግ አርክቶኛል። «ደንብ ለሁሉም እኩል ነው፤ የእኔ ቤት ተራ ሲደርስ ከዚሁ ፍሪዘር እበላለሁ» አሉ። ተጨበጨበልዎ። ከሁሉም አስረዝሜ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ።

ተራው ደረሰ። ስለዚህ ዛሬ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ወደ ልጅዎ ሐዳሳ ሱቅ ሄድኩና በመመሪያዎ መሠረት መረጥኩ። ለግፊትዎ ጨው የሌለበትን ጎመን፣ ለባለቤትዎ የስኳር ሕመም ቡናማውን ሩዝ፣ ለለቀስተኛው ዘይት ያልነካውን ሽሮ አነሣሁ፤ የእያንዳንዱን ጀርባ አነበብኩ። በሕይወቴ ለማንም ሰው ምግብ በዚህን ያህል ጥንቃቄ መርጬ አላውቅም። ሳያት የምትባለው ሻጭ ለማን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ልጅቷ ክፋት የላትም።

«ለእነ አቶ ደምሴ ከሆነማ ይተዉት፣ ጋሼ። ወጥ ሠሪዎች ጠዋት ገብተዋል። የፍሪዘሩን ማንም እንዳያመጣ እሳቸው ራሳቸው ብለዋል፤ ለትልቅ ሰው ለቅሶ አይሆንም አሉ።»

ለትልቅ ሰው ለቅሶ።

ክቡር ሰብሳቢ ሆይ፣ ከዚያ በኋላ በወይዘሮ አለምነሽ ቤት ከጎረቤቶቻችን ጋር ተመካክረን የደረስንበትን በአክብሮት አሳውቅዎታለሁ። ድስት በደንቡ ተከልክሏል። እሽጉን ደግሞ ዛሬ እርስዎ ከልክለዋል። እኛ እንዳሳደጉን ደንብ አክባሪዎች ስለሆንን ነገ ሁላችንም ወደ ድንኳንዎ እንመጣለን፤ አንዳችንም ምንም ይዘን አንመጣም። ከሟች ጋር ጠብ የለንምና እናለቅሳለን። ከዚያ ተቀምጠን ያን ትኩስ ወጥ፣ ዘይቱንም ጨዉንም ሳንመረምር፣ ደጋግመን እንበላለን። ከሩቅ የመጡት ዘመዶችዎ ጎረቤት ያመጣው የትኛው እንደሆነ ሲጠይቁ እኛ አፋችን ወጥ ሞልቶበት ስለሚሆን መልሱን እርስዎ ያዘጋጁ።

ስለ ጤናችን ለደከሙት ድካም ሁሉ እጅ እየነሣሁ፣ ለግፊትዎ የሚስማማ የድንኳን ሰሞን እመኛለሁ።

የደንብዎ አክባሪ
በኃይሉ፣ የፅጌ ወንድም

ግልባጭ፦ ለሰፈሩ ነዋሪ በሙሉ

ማሳሰቢያ፦ የመረጥኩልዎት እሽጎች በሱቁ ባንኮ ላይ ናቸው። አንዴ የቀለጠ ምግብ ተመልሶ ፍሪዘር ከገባ ጤና ስለሚጎዳ ዛሬውኑ ቢነሡ መልካም ነው፤ በድንኳንዎ እንደ እኛ ያለ ትንሽ ሰው ከተገኘ ይስጡልኝ። ሻጯ ሳያት፣ «ልመልሳቸው ወይስ ይወስዷቸዋል?» ብላ ስትጠይቀኝ ውሃቸው ወደ ወለሉ መንጠባጠብ ጀምሮ ነበር። እዚያው ትቻቸው በሩን ከፍቼ ወጣሁ።