ገጽ ስልሳ አንድ

ጁን 3፣ ማክሰኞ

ፍየሎቹን አለብኩ። የዘጠኝ ሰው ልብስ አጥቤ አሰጣሁ፤ የኦዛርክ ተራሮች ዝናብ አይታመንም፣ ወዲያው መጣ። መልሼ ለቀምኩ። ከሰዓት ታናሽ ወንድሜን ሌቪን ንባቡን አስጠናሁትና ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ኮምፒውተር ያለው እዚያ ብቻ ነው። የኮሌጁን ማመልከቻ ጀመርኩ። የእንስሳት ሕክምና ረዳት ለመሆን።

ስም፦ ኬዛያ። ዕድሜ፦ አስራ ዘጠኝ። እስከዚህ ቀላል ነው። ከዚያ "የተማሩበት ትምህርት ቤት" ይላል። የወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ልበል? ቤቱ ለተማረ ሰው ሌላ ገጽ አለው። ትራንስክሪፕት ይፈልጋል፤ የተማርኩት ሁሉ ከነውጤቱ፣ አስተማሪው የፈረመበት። አስተማሪዬ እማዬ ናት። እስከ ኦገስት 1 ካልደረሰ ቀረሁ ማለት ነው።

ጁን 5

እማዬን ጠየቅኳት። ድንች እየላጠች ነበር።

"የምን ውጤት? ሲገባሽ ገጹን እንገልጣለን፣ ካልገባሽ እንደግመዋለን። በቃ።"

አባዬ ከበረንዳው ሳቀ። "ፍየል ለማከም ደግሞ ወረቀት! ለማንኛውም እኔን አትጠይቂኝ፣ ርዕሰ መምህሯ እሷ ናት።"

እማዬ አልሳቀችም።

ጁን 12

የድሮ ደብተሮቼን ከቆጥ አወረድኩ። የሒሳቡ ገጽ ስልሳ አንድ ላይ ያቆማል። ክፍልፋይ። ሌቪ የተወለደ ሳምንት ነው፤ አስራ አንድ ዓመቴ ነበር። ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። እማዬ አራስ ነበረች፣ ደግሞ ሌላ ልጅ ተከተለ... ማን ይፈርድባታል? እኔ ግን ትንሽ ፈረድኩባት።

ጁን 15፣ እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ወይዘሮ ቨርናን አማከርኳቸው። አምስት ልጆች ቤታቸው አስተምረዋል።

"ሁሉም ላይ ኤ ጻፊና እናትሽን አስፈርሚያት፣ የኔ ልጅ። ሁላችንም እንደዚያው ነን። ማን መጥቶ ያየናል?"

ጁን 17

ጻፍኩ። አልጀብራ ኤ። ጂኦሜትሪ ኤ። እማዬ መነጽሯን አድርጋ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው።

"አልጀብራ ማን አስተማረሽ?"

"እማዬ፣ ወረቀት እኮ ነው!"

"ውሸት ላይ አልፈርምም።"

"እንግዲያው ያኔ ታስተምሪኝ ነበራ!"

ምነው ምላሴ በተቆረጠ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወደ ጓሮ ወጣች።

ጁን 18

ፊርማዋን አሮጌ ፖስታ ላይ ሞከርኩት። አራተኛው ቁርጥ የእሷን መሰለ። ፈራሁና ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት።

ጁን 30

ኮሌጁ ጋ ደወልኩ። ያነሳችው ሴትዮ ደግ ናት። "የኔ ቆንጆ፣ አንቺም መፈረም አትችይም፣ እኔም አልችልም። መፈረም ያለበት ያስተማረሽ ሰው ነው።" ደግ ሰው ሲከለክልማ ይብሳል። መናደድ እንኳ አይቻልም።

ጁላይ 9

ፍየሌ ክሎቨር ታመመች። ትተኩሳለች፣ አልበላም አለች። መድኃኒቱ ላይ "ለየአርባ ፓውንዱ ሁለት ተኩል ሲሲ" ይላል። ክሎቨር ዘጠና አምስት ፓውንድ ናት። ሁለት ጊዜ አርባ ሰማንያ... የቀረው አስራ አምስትስ? አባዬ ሥራ ሄዷል።

"እማዬ፣ ስንት ይሆናል?"

ጠርሙሱን ተቀበለችኝ። አየችው፣ አየችው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ፍየሏ መሃላችን ታቃስታለች።

"በግምት ስጫት" አለችኝ በመጨረሻ።

ሰጠኋት።

ጁላይ 10

ክሎቨር ሞተች። በዝቶባት ይሁን አንሷት አላውቅም። እማዬም አታውቅም። አብረን ቆፍረን ቀበርናት።

ጁላይ 14

ጠረጴዛው ላይ ወረቀት አገኘሁ። የእማዬ እጅ ጽሑፍ ነው። ንባብ፦ ኤ። ጽሕፈት፦ ኤ። የእንስሳት አያያዝ፦ ኤ፣ ከአባቷ ትበልጣለች። ሒሳብ፦ ኤፍ። ከጎኑ እንዲህ ይላል፦ "ይህ ውጤት የአስተማሪዋ ነው እንጂ የልጅቷ አይደለም።" ከታች ፈርማለች።

አለቀስኩ። ደግሞ ተናደድኩ። በዚህ ማን ይቀበለኛል? ሌላ ወረቀት ግን ከየት አመጣለሁ... ላክሁት።

ኦገስት 6

መልስ መጣ። ተቀብለውኛል! የእንስሳት ሕክምናው ግን ይቆያል፤ መጀመሪያ ሒሳብ፣ ከታች ጀምሮ። ዓመት ይፈጃል፣ ምናልባት ሁለት። ደስ ይበለኝ ወይስ ልዘን? አባዬ "ኤፍ ይዞ ኮሌጅ የገባ በአገሩ አንቺ ብቻ ነሽ" ብሎ ቀለደ። እማዬ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበች። "ዓመት" አለች።

ኦገስት 17፣ እሁድ

ነገ እጀምራለሁ። ምሳ ተነስቶ ልጆቹ ወደ ወንዙ ወረዱ። የድሮውን ደብተር አወጣሁና ገጽ ስልሳ ሁለትን ገለጥኩ፤ ባዶውን። ከድሮው የሒሳብ መጽሐፍ አንድ ጥያቄ ገለበጥኩ። ተጣበቅሁ። እማዬ እጇን በሽርጧ ጠራርጋ ከጎኔ ወንበር ሳበች። እርሳስ ይዛለች።

"ሌቪን ምክንያት አደረግሁት እንጂ" አለች፣ እኔን ሳይሆን ገጹን እያየች፣ "እኔም በልጅነቴ እዚህ ጋ ነው ያቆምኩት።"

ስምንት ዓመት ሙሉ በሌቪ አሳብበን... ደብተሩን ወደ መሃላችን ገፋ አደረግሁት።