አናጢው በራችንን ሊጠግን መጣ

ዓይኔ ልጄ፣ ባለሽበት ክፉ አይንካሽ። እኛ አለን፤ ቤታችንም ተርፏል። ሳሉ ብቻ አልተወኝም። ትተሽው የሄድሽውን ቀሚስ ሦስቴ አጠብኩት፣ አሁንም ጭስ ጭስ ይሸታል።

የጫካው እሳት ሲቃረብ የውሃው መኪና ዳገቱን አልወጣ አለ። አባትሽ እሳቱ የሚበላው እንዲያጣ ብሎ ከፊቱ ያለውን ደረቅ ሣር ቀድሞ በክብሪት ለኮሰው። ነፋሱ ዞረና የጎረቤታችን የአናጢው ቤት ተያያዘ። ከነቤተሰቡ ነፍሳቸው ተርፋለች፤ ቤቱ ግን አመድ ሆነ።

አናጢው ትናንት መጣ። የራሱ መዶሻ ስለተቃጠለ ከሰው ተውሶ፣ በሙቀት የተጣመመውን በራችንን አስተካከለልን። «እንኳን የናንተው ተረፈ» አለኝ። አባትሽ እሱ እስኪሄድ ጓሮ ተደብቆ ቆየ።

አንቺም ምድጃ ለኩሰሽ ስልክ እንዳታወሪ። አምላክ በወጣሽበት ይጠብቅሽ። ስትደውዪ እባክሽ አባትሽ ላይ ስለ እሳቱ አታንሺበት፤ ስለ ጉልበቱ ሕመም ጠይቂው። ክብሪቱን ዛሬም ከኪሱ አላወጣም።