ጉዳት አይባልም ስለተባለው የልጄ ጆሮ

ለተከበሩ ኦቦ ሞቱማ
የቀበሌያችን የጸጥታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

በቅድሚያ እርስዎና መላው ቤተሰብዎ በሙሉ ጤንነት፣ በተለይም ጆሮዎቻችሁ ሁሉ በደህና እንደሚገኙ ያለኝን ተስፋ በአክብሮት እገልጻለሁ። እኔ አሰፋሽ ሌታ፣ በአምቦና በጉደር አማርኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ባሏ በጥፊ የመታት የሃቦኔ እናት ነኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት ልጄን ይዤ ቢሮዎ በቀረብኩ ጊዜ ወንበር ስበው ስላስቀመጡን፣ ፊቷንም አየት አድርገው «ቲቸር፣ ደም የለ፣ ስብራት የለ፤ ይሄ እኮ ጉዳት አይባልም፤ ነካ አድርጓት ነው» ብለው ስላጽናኑን ከልብ አመሰግናለሁ። ማመልከቻዬ እንዳይጎሳቆል መሳቢያዎ ውስጥ ስላኖሩት፣ ይህኛውን ሁሉም እንዲያነበው በቀበሌው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። «ጉዳት» የሚለውን ቃል ለልጆች ሳስረዳ ዕድሜዬን የፈጀሁ ብሆንም፣ ከእርስዎ ትርጉም ያልገቡኝ ጥቂት ነጥቦች አሉ።

1ኛ. በክረምቱ በረዶ የጎረቤቴ የፈይሩዝ ሱቅ ጣሪያ ሲበሳሳ እርስዎ በዝናብ መጥተው፣ መሰላል ወጥተው አይተው፣ «ከባድ ጉዳት» ብለው ጽፈውላታል። የቀበሌው ሞተር ሳይክል መስተዋት በተሰነጠቀ ጊዜም «ጉዳት ያደረሰው ሰው በአስቸኳይ ይቅረብ» የሚል ማስታወቂያ በዚሁ ሰሌዳ አንብቤያለሁ። ቆርቆሮና መስተዋት እንዲህ ጠያቂ ስላገኙ ደስ ብሎኛል። በአማርኛ ጉዳት፣ በአፋን ኦሮሞ ሚዻ የምንለው ነገር ሚስት ላይ ሲደርስ ግን ስሙ «ነካ አደረጋት»፣ «ትንሽ ተጋጩ»፣ «የቤት ነገር ነው» የሚሆንበትን ምክንያት ለተማሪ ላስረዳው አልችልም።

2ኛ. ወደ ሐኪም የምንሄድበት የመሸኛ ደብዳቤ ስለምንዎ፣ ሽማግሌ ሳይጨርስ ሐኪም ቤት መላክ ዕርቅ ያበላሻል ብለው መለሱኝ። አሠራሩ ብልሃት ያለው ነው። ሽማግሌዎቹ ቀጠሮ ይሰጣሉ፣ አንዱ ለቅሶ ይደርስበታል፣ ሌላ ቀጠሮ ይሰጣሉ፤ ሰንበሩ ይጠቁራል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ይጠፋል። ከዚያ ደብዳቤው ይጻፋል፤ ሐኪሙም ያየውን የሚጽፍ ሰው ነውና «የጉዳት ምልክት አልተገኘም» ብሎ ይፈርማል። አንድም ሰው አልዋሸም።

3ኛ. ሽማግሌዎቹ ትናንት ግቢያችን ተሰበሰቡ። ሃቦኔ እንደ ልማዱ ነጠላዋን ተከናንባ፣ አንገቷን ደፍታ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ ሰብሳቢው ኦቦ ቀንዓ በግራዋ ነበሩ። ከአጥሩ ማዶ ወፍጮው ይጮሃል። እሳቸውም በዝግታ «ልጄ፣ ይቅር ብለሽዋል? ቤትሽ ትመለሻለሽ?» ብለው ጠየቋት። መልስ አልነበረም። ሴት ልጅ በሽማግሌ ፊት ዝም ካለች እሺ ብላለች ተብሎ ስለሚያዝ ሁሉም ብድግ ብለው መረቁ። እሷ ግን በመነሳታቸው ደንግጣ ወደ እኔ ዞራ «እማዬ፣ ምን ተባለ?» አለችኝ። ልጄ አልሰማችም ብዬ ስጮህ «ተይ ቲቸር፣ ዕርቅ አይፈርስም» ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ በግራዋ እየቆምኩ ስሟን እጠራለሁ፤ ቀስ ብዬ፣ ከዚያም ጮክ ብዬ። አትዞርም። እሺታ ብላችሁ የመረቃችሁት የጆሮዋን ጉዳት ነው።

4ኛ. አራተኛም ነበረኝ። ተራ ቁጥሩን ልተወው፣ ኦቦ ሞቱማ፤ ከነገ ወዲያ እሑድ ሽማግሌዎቹ ወደ ባሏ ቤት ሊወስዷት ይመጣሉ። የሚሰማ የቀራት አንድ ጆሮ ነው። ሰውየው ከኋላዋ ሲመጣ ኮቴውን የምትለይበት ሌላ ነገር የላትም። ስለዚህ ደብዳቤውን ዛሬ፣ ቢሮው ሳይዘጋ እንዲጽፉልኝ፣ አምቦ ወስጄ እንዳስመረምራት፣ ጉዳዩም ለፖሊስ እንዲተላለፍ እለምንዎታለሁ። ተማሪ አጥፍቶ ሲለምነኝ እንጂ እኔ ሰው ስለምን ኖሬ አላውቅም፤ አለማመኔ ካላማረ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህም ዕርቅ የሚያበላሽ ሆኖ ካገኙት እሑድ ራስዎ ይምጡ። ከሽማግሌዎቹ ቀድመው በግራዋ ይቀመጡና በዚያ ባማረ ድምፅዎ ስሟን ይጥሩ። አቤት ካለችዎት ሻንጣዋን እኔው ተሸክሜ እስከ ባሏ ደጅ አደርሳታለሁ።

ለሰጡኝ ጊዜ፣ ለወንበሩ፣ ለማጽናናትዎም የማይነጥፍ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ከቢሮዎ በረንዳ የማልነሳ፣ ሁልጊዜም አክባሪዎና ደጅ ጠኚዎ፣

አሰፋሽ ሌታ
መምህርት (በጡረታ)

ማሳሰቢያ፦ የመጀመሪያ ልጅዎ መታጨቷን ሰምቻለሁና እንኳን ደስ ያለዎ። አያድርገውና እጁን የሚያነሳባት ቢሆን፣ እርስዎ አባቷ በሥራዎ ደንብ ታስረው ዝም ማለትዎ ስለማይቀር፣ ቤቴን ከአሁኑ ያሳዩዋት። የዚያኑ ዕለት ሐኪም ዘንድ ይዣት እሄዳለሁ።