በጋሽ ኃይለ መስቀል ፈንታ የሰጠሁት ደም

ውድ እትዬ ፍቅርአዲስ፣

ስትደውዪ ሳላነሳ የቀረሁትን «ሥራ በዝቶባት ነው» ብለሽ እንዳለፍሽልኝ አውቃለሁ። ሥራ አይደለም። ድምፅሽን ከሰማሁ ሁሉንም እንደምዘከዝከው ስለማውቅ ነው። በጽሑፍ ይሻለኛል፤ ቢያንስ መሃል ላይ ገብተሽ «አንቺ ልጅ፣ አብደሻል?» አትይኝም።

እትዬ፣ ወባ ይዞኛል። አትደንግጪ፣ ከትናንት ጀምሮ መድኃኒት እየወሰድኩ ነው። የፈራሁት ለራሴ አይደለም። ትኩሳቱ ሊጀምረኝ አራት ቀን ሲቀረው ደም ለግሼ ነበር፤ ያ ደም አሁን በማላውቀው ሰው ሰውነት ውስጥ ነው።

ለልጅሽ ለሚርያም ምርቃት አርባ ምንጭ ስመጣ እዚህ ለማንም እንዳልተናገርኩ ታውቂያለሽ። «ዳላስ ለሥልጠና ነው የምሄደው» ብዬ ነው የወጣሁት። አገር ቤት መሄዴ ቢሰማ ኖሮ የሲያትል ሐበሻ በሙሉ ዕቃውን ይዞ በሬ ላይ ይሰለፍ ነበር፤ የአንዱ እናት የግፊት መድኃኒት፣ የአንዷ ወንድም ላፕቶፕ፣ የሌላው ሙሽራ ጫማ። ባለፈው ሁለት ሻንጣ የሰው ዕቃ ተሸክሜ መጥቼ ላንቺ የደረሰሽ አንድ ሽቶ ነበር። ዘንድሮ እምቢ አልኩና ዋሸሁ። አንቺም ገና ከመኪናው ሳልወርድ «ዳላስ እንዴት ናት?» ብለሽ በሳቅ ፈረስሽ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በዚህ ስንስቅ ከረምን። ያልሳቅሽው አጎበሩን «ይሞቀኛል» ብዬ ስሰበስበው ብቻ ነው።

ከተመለስኩ በአምስተኛው ሳምንት በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ የደም ልገሳ ነበር። ያዘጋጀነው እኔና ፀዲ ነን፤ በስልክ ያስተዋወቅሁሽ፣ ቢከን ሂል የምትኖረው የአውቶቡስ ሾፌሯ ጓደኛዬ። ሁለታችንም በትርፍ ሰዓታችን ሆስፒታል ለሚተኙ ያገራችን ሰዎች በነጻ እናስተረጉማለን። ደም ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ በዓይናችን ስላየን፣ ስንት እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በር ላይ ቆመን ሰው ስንለምን ከረምን።

በዕለቱ የእኔ ሥራ ፎርሙን ለሽማግሌዎቹ በአማርኛ ማንበብ ነበር። አንዱ ጥያቄ ባለፉት ሦስት ወራት ከአሜሪካ ውጭ ሄደዋል ወይ ይላል። ወባ ካለበት አካባቢ የመጣ ሰው ሦስት ወር ሳይሞላው አይሰጥም። ጋሽ ኃይለ መስቀል፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው፣ እጅጌያቸውን ጠቅልለው ከሁሉ ቀድመው ቀረቡ። መተማ ዘመድ ጠይቀው ከመጡ ገና ሁለት ወራቸው ነው፤ ያንኑ ተናገሩ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሦስት ወር መሙላት አለበት» አልኳቸው።

«ኦኬ ልጄ፣ ሕግ ከሆነ ምን ይደረጋል» አሉና እጄን ይዘው ወደ ሰዉ ዞሩ። «በእኔ ፈንታ ጥሩብርሃን ትሰጣለች!»

ሰው አጨበጨበ። ግድግዳ ተደግፎ ማን ይጀምር ይሆን እያለ የሚጠብቀው ብዙ ነበር። ፀዲ ስልኳን አወጣች። «ጥሩዬ፣ ግቢ በቃ! እኔ ቪዲዮ አደርግሻለሁ። ሶ አንቺን ካዩ ሁሉም ይመጣሉ።»

ነርሷ «ጥያቄውን ብቻሽን ብትመልሺ ይሻላል፤ ጓደኛሽ ትውጣ?» ብላኝ ነበር። እኔ ነኝ «ችግር የለም፣ ትቁም» ያልኩት። ከአገር ውጭ ሄደሽ ነበር ስትለኝ፣ ፀዲ አጠገቤ ቆማ፣ «አልሄድኩም» አልኩ። እውነቴን ነው እትዬ፣ በዚያች ሰዓት ወባ ትዝ አላለኝም። የታየኝ «እናቴ መድኃኒት አጥታ ስትንገላታ አንቺ ተደብቀሽ ሄድሽ?» የሚለኝ ሰው ፊት ነው። ስወጣ እንደገና ተጨበጨበልኝ። ከእኔ በኋላ ሠላሳ አንድ ሰው ሰጠ።

ሐሙስ ዕለት ብርድ ብርድ አለኝ። ጉንፋን ነው ብዬ ታይለኖል ዋጥኩ፤ ተሻለኝ። ቅዳሜ ተመለሰ። ሰኞ ቤልቪው፣ አረጋውያን የምንከባከብበት ቤት፣ የአንዷን እናት አልጋ እያነጠፍኩ ጥርሴ ሲንገጫገጭ ያን ጊዜ ገባኝ። ገብቶኝም ሳምንት ሙሉ እንዳልገባው ሰው ሆንኩ።

ወንድማችን ጌዴዎን በወባ ሲሞት አንቺ ነበርሽ ያቀፍሽው። ምች ነው ተብሎ ሦስት ቀን ዳማከሴ ሲጨመቅለት ነው ጊዜው ያለፈበት። ወባ በሞላበት አገር እንኳ ወባ ነው ያለ ሰው ጠፋ። እዚህ ታዲያ ማን ይጠረጥራል? ደሜን የወሰደው ሰው ቢንቀጠቀጥ ሐኪሞቹ ሁሉንም ይመረምራሉ፤ ወባን የሚያስቡት ግን መጨረሻ ላይ ነው፣ እሱም ካሰቡት። የሚያውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ይህን እያወቅሁ ዝም አልኩ፣ እትዬ።

ፈራሁ። ይከሱኛል ብዬ ፈራሁ፤ ከሥራ ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ። ጋሽ ኃይለ መስቀልን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? ከእንግዲህ የሐበሻ ደም ይቅርብን ቢሉስ? የደም ባንኩን ቁጥር ስልኬ ላይ ጽፌ ያጠፋሁት ስንት ጊዜ እንደሆነ እኔም አላውቀውም። ትናንት ሐኪሟ «ወባ ነው» ብላ ስታረጋግጥልኝ ግን የምሸሸግበት ጠፋኝ።

ዛሬ ጠዋት ኦቴሎ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ፓርክ አድርጌ ደወልኩ። ስሜን፣ የሰጠሁበትን ቀን፣ አርባ ምንጭ መክረሜን፣ መዋሸቴን ተናገርኩ። ሴትዮዋ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ኮምፒውተሩን ስትነካካ ይሰማኛል። ከዚያ «ደምሽ ሆስፒታል ሄዷል፤ ለታካሚ ተሰጥቷል» አለችኝ።

«ለማን?»

«ይህን መናገር አይፈቀድልኝም።»

«ልጅ ነው? ትልቅ ሰው ነው?» አልኳት። አሁኑኑ ለሐኪሙ እንነግራለን፣ ከስልክሽ አትራቂ አለችና ዘጋች።

ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ያኔ ነው፣ እዚያው መኪናው ውስጥ። እዚህ ድረስ እንደጻፍኩ ስልኩ ጮኸ።

አሁን የደወለችው ደሜ የተሰጠውን ሰው የምታክመው ሐኪም ናት። የአርባ ምንጭን ስም ፊደል በፊደል አስነገረችኝ። የትኛው የወባ ዓይነት እንደተባልኩ፣ ምን መድኃኒት እንደታዘዘልኝ ጠየቀችኝ፤ የመድኃኒቱን ጠርሙስ ይዤ አነበብኩላት። ከዚያ «ትኩሳቱ በየስንት ቀኑ ነው የሚመለስብሽ?» አለችኝ።

«አንድ ቀን እየዘለለ» አልኳት።

ከስልኩ ራቅ ብላ አጠገቧ ላለ ሰው ስትናገር ሰማኋት። «የዚህችም ትኩሳት ልክ እንደ ታካሚያችን ነው። የወባውን መድኃኒት አሁኑኑ ጀምሩላት።»

ሴት ናት፣ እትዬ። የማውቀው ይህን ብቻ ነው። ስንት ቀን እንደተንቀጠቀጠች፣ ስንቱን ቀን እኔ እንደሰረቅኋት አላውቅም። በጊዜ ደውዬ እንደሆነም የነገረኝ የለም። ነገ ኪዳን ስትሄጂ ጸሎት ያዢላት። የክርስትና ስሟን አላውቀውም፤ ክርስቲያን ትሁን አትሁንም አላውቅም። «ሲያትል ያለችው ሴት» በዪልኝ፣ እሱ ያውቃታል። ለእኔ አሁን አትጸልዪ፤ መጀመሪያ እሷ ትዳን።

ስልኳን ከእጇ ማስቀመጥ የፈራችው
እህትሽ ጥሩብርሃን